ሲሞቅ የሚጠፋ ቮልስ፦ ግቤን ወርዶ ጅማ ለመግባት ምን ይያዝ?

የጅማ_መንገደኛ

ሰላም ለቮልስ ወዳጆች። መኪናው ቮልስ 1300 ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል፣ 12 ቮልት፣ ዲናሞው የድሮው። ለፋሲካ አራት ሰው ከነጓዙ ጭኖ ከአዲስ አበባ ጅማ መግባት አለበት። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ረጅም ዳገት ሲይዝና ፀሐይ ሲበረታ ግን መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ጸጥ። 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

አንዱ መካኒክ «ቤንዚኑ እየተነነ ነው፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል» አለ። ሌላው «ኮይል (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ጥቅል) ቀይር»። ሦስተኛው «ሞተሩ ይውረድ»። መንገድ ላይ ሲጠፋ የትኛው እንደሆነ በምን ልለይ? ምን ምን መለዋወጫ ልያዝ? የግቤ ቁልቁለትና ዳገት ላይስ ምን ልጠንቀቅ?

ፑንቲና

ሞተር ይውረድ ያለህን ለጊዜው ተወው። የቀሩት ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለየው ግን መኪናው በጠፋበት ቦታ፣ በትኩሱ በሚሠራ የአምስት ደቂቃ ምርመራ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብትፈትሸው ሁሉንም ነገር ደህና ሆኖ ነው የምታገኘው፤ ጋራዥ ወስደኸው «ምንም የለበትም» የሚሉህም ለዚህ ነው።

ከቤንዚኑ ጀምር። የአየር ማጣሪያውን ከካርቡሬተሩ ላይ አንሳው፤ ውስጡ ዘይት ስላለ አታዘንብለው። ቁልፉ ዝግ እንደሆነ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከላይ እያየህ የቤንዚን መስጫውን ክንድ በእጅህ አንዴ ሳብ አድርግ። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ወደ ውስጥ ከተረጨ ሳህኑ (የካርቡሬተሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ) ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ የጠፋው በቤንዚን እጦት አይደለም። ደረቅ ከሆነ ችግሩ ፓምፑ፣ ማጣሪያው ወይም ትነቱ ጋ ነው። ቱቦ ነቅለህ በጠርሙስ መቅዳት አያስፈልግህም፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ሌላ ጣጣ ነው።

ቤንዚን ካለ ወደ እሳቱ እለፍ። የአየር ማጣሪያውን መልሰህ ግጠም። ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) ክዳን መሀል ያለውን ወፍራም ገመድ ንቀልና ጫፉን ላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይዘህ ቀለም ከሌለበት ብረት 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር አርቀው። ከካርቡሬተሩ በተቃራኒ በኩል ይሁን። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዙርልህ። «ጠጭ ጠጭ» የሚል ድምፅ ያለው ሰማያዊ ብልጭታ ጤነኛ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ በሽታው እዚህ ነው።

ቀጥለህ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተህ፣ ሮተሩን አንስተህ፣ ሞተሪኖው እየዞረ ፑንቲናውን (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መገናኛ) ተመልከት። በተከፈተ ቁጥር በመሀሉ ደማቅ ብልጭታ የሚረጭ ከሆነ ኮንደንሰሩ (ይህን ብልጭታ የሚያፍነው) ሞቷል። ፑንቲናው ደህና ሆኖ፣ ኮንደንሰሩም ተቀይሮ እሳቱ ከደከመ ያኔ ኮይሉን ጠርጥር። ኮይል ሲግል የውስጥ ሽቦው ይላቀቅና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ የአንተ መኪና ምልክት ከዚህ ጋር በደንብ ይሄዳል። ኮይሉ ላይ 15 ተብሎ የተጻፈበት ጫፍ ከቁልፉ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ነው። ቁልፉ ተከፍቶ እዚያ ላይ መሞከሪያ አምፖል ካልበራ ኮይሉ ሳይሆን ቁልፉ ወይም ሽቦው ነው የከዳህ። ለመንገድ ያህል ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ 15 ድረስ ፊውዝ ያለው ሽቦ ብትዘረጋ ይነሳል፤ ለማጥፋት ግን ሽቦውን መንቀል አለብህ።

አንድ ነገር አትርሳ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት አትተው። ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆመ ኮይሉ ውስጥ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ሬዲዮ ለመስማት ሲባል ስንት ኮይል ተቃጥሏል።

የእኔ ግምት መጀመሪያ ፑንቲና፣ ከዚያ ኮንደንሰር፣ ከዚያ ኮይል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዘንጉን የሚነካው ተረከዝ ቅባት ሲያጣ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ፋዙም (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) አብሮ ወደ ኋላ ይቀራል። የዘገየ እሳት ደግሞ ሞተር ያግላል። «መጀመሪያ ጉልበት ያጣል» ያልከው እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ባለ_ካቻቢቴ

በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ ትነቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍ። ቤንዚን ከፍታ ላይ ቶሎ ይተናል፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ መውጫህም ሆነ ከወልቂጤ ወዲህ ያለው መንገድ ደጋ ነው። ቮልስ ላይ ትነት የሚመጣው ግን ፓምፑ ስለከፋ አይደለም፤ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ትኩስ አየር ስለሚገባ ነው። ለዚህም ነው እርጥብ ጨርቅ መድኃኒት የማይሆነው።

የሞተሩን ክዳን ክፈትና ከላይ ወደ ታች ተመልከት። በዙሪያው በሞተሩ ቆርቆሮና በቦዲው መሀል አስፋልት ከታየህ ማሸጊያ ጎማው የለም ማለት ነው። ያ ጎማ የተሠራው ከታች፣ ከሲሊንደሮቹና ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። ከሌለ ፋኑ የገዛ ትንፋሹን ይስባል። ሞተር በወረደ ቁጥር አውጥተው ይጥሉታል፣ «ምን ያደርጋል» እያሉ። ሶማሌ ተራ ካላገኘህ የበር ጎማ በልኩ ተቆርጦ ይሠራል። የካንዴላ ገመዶቹ ቆርቆሮውን የሚያልፉበት ክብ ጎማም አራቱም ይኑሩ። የማሞቂያ ቱቦዎች ተነቅለው የፋኑ ቤት ላይ ሁለት ክፍት ቀዳዳ ከቀረ ሲሊንደሮቹን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር በዚያ ያመልጣል፤ ድፈናቸው። ይህ ሁሉ ከኮይል ዋጋ በታች ነው።

ሌላው የጂግሌ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ነገር። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭስ ያጠቁራል፣ ይጠጣል። ስለዚህ አንዳንድ መካኒክ ዋናውን ጂግሌ በትንሽ ይቀይረዋል። ለከተማ ጥሩ ነው። ግቤ ወንዝ ግን ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ትንሹ ጂግሌ አይበቃም፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ያለልክ ይግላል። ከወንዙ ተነስተህ በጭነትና በሙቀት ዳገቱን የምትገፋው በዚህ ሁኔታ ነው። የፋብሪካው ቁጥር መሆኑን ሳታረጋግጥ አትውጣ። ጉልበት ስለጎደለ አትጨነቅ፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ካርቡሬተር ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ይህን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

ዳገት ላይ በአራተኛ እያንፏቀቅህ አትውጣ። ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው፤ ሦስተኛ አድርገህ ዙሩን ስትጨምር አየሩም ይጨምራል። በውሃ ለሚቀዘቅዝ መኪና የለመደ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል።

ቫልቩ በቀዝቃዛው፣ ማለትም ሌሊት አድሮ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከል። ሦስተኛው ሲሊንደር (ግራ፣ ወደ ፊት ያለው) ከሁሉም ይበልጥ ይግላል፤ የጠበበ ቫልቭ መጀመሪያ የሚቃጠለው እዚያ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፤ በመለኪያው ላይ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መሀል ያለው ልዩነት ከአንድ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሊትር ያዝ፣ ወልቂጤ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ለካ።

የጅማ_መንገደኛ

ጋሽ ካቻቢቴ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ከላይ ሳይ በግራ በኩል መሬት ይታያል። ፑንቲናም ወንድሜ፣ ክዳኑን ከፍቼ ስለካው ክፍተቱ 0.2 አይሞላም፤ አንደኛው ፊት ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ አለ። በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው ወይስ ይቀየር?

ፑንቲና

ይቀየር። ጉብታና ጉድጓድ ማለት ከአንዱ ፊት ብረት እየተነሣ ሌላው ላይ እየተለጠፈ ነው፤ ይህም ኮንደንሰሩ ልኩን እንደሳተ ያሳያል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይር። የወለቁትንም አትጣላቸው። የብርጭቆ ወረቀት መንገድ ላይ ሌላ ከሌለ ብቻ ነው፤ ከፋቅኸው በኋላ አቧራውን በንጹሕ ወረቀት ጥረገው።

ስትገጥመው ሞተሩን በፑሌጃው (የቺንጋው መዘውር) እያዞርክ የፑንቲናው ተረከዝ የዘንጉ ጫፍ ላይ በትክክል ሲወጣ አቁም፣ በፊለር 0.4 አድርግ፣ ቡሎኑን አጥብቅና እንደገና ለካ። ስታጠብቀው ሁልጊዜ ትንሽ ይሸሻል። ተረከዙ የሚሄድበት ላይ የክብሪት ጫፍ የምታህል ግሪስ ቀባ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተረጭቶ ፑንቲናው ላይ ያርፋል፣ ያኔ ጅማ ሳትደርስ እንደገና ትከፍተዋለህ። ፑንቲና ከተነካ ፋዙም ይነካል፤ በሳምንቱ መካኒክ ዘንድ በአምፖል ይታይ።

ስለ እርጥቡ ጨርቅ፦ ፓምፑና ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ለጎን ናቸው። ውሃው ክዳኑ ላይ ሲንጠባጠብ ሌላ ጥፋት ትፈጥርና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋሃል።

ሸራና_ታንቡር

ሁሉም ስለማይነሳ መኪና ነው የሚያወራው። ግቤ ላይ የሚያስፈራኝ የማይቆም መኪና ነው።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ አትታገል። የቮልስ ፍሬን አራቱም ታንቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ) ነው። እግር ሳይነሣ ረጅም ሲረገጥ ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ፔዳሉ በተቃራኒው እንደ ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ያረጀ ዘይት ውስጥ ውሃ ስላለ ቶሎ ይፈላል። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ገለል ብሎ ቆሞ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ታንቡር ላይ ውሃ አይፈስም፣ ይጣመማል።

ዘይቱን ሳትነሣ አስቀይር። የፍሬን ማስተሩን አይተህም ባለ አንድ መስመር ወይስ ባለ ሁለት መሆኑን እወቅ። ባለ አንድ ከሆነ አንድ የጎማ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም እግር ላይ ፍሬን የለህም፤ የተሰነጣጠቀ ቱቦ ይዘህ አትውረድ። ሸራውን ለማስተካከል እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኮከብ (ጥርስ ያለው ማስተካከያ) አለው፤ ጎማው እስኪይዝ አጥብቀህ 3 ወይም 4 ጥርስ መልስ።

ጎማው ላይ ጎሚስታ ሁሉንም 35 እንዳይሞላልህ። የቮልስ ክብደት ከኋላ ነው። ለአራት ሰው የፊቱ 18፣ የኋላው 27 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃል። ፊቱ ከተነፋ በነፋስና በኩርባ መሪው ይቀልሃል።

ሊታለፍ የማይገባው ደግሞ ባትሪው ነው፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ። ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎች ሲቀመጡ የመቀመጫው የብረት ስፕሪንግ ወርዶ ፖዘቲቩን ይነካል፤ የመቀመጫው ሙሌት ደግሞ ደረቅ ጭድ ማለት ነው፣ ይቀጣጠላል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ወፍራም ጎማ በልኩ ቆርጠህ እሰርበት።

ባለ_ካቻቢቴ

የመለዋወጫውን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። አንድ የፋን ቺንጋ፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ሮተር፣ ሁለት ካንዴላ፣ የቤንዚን መስጫና የፍሪሲዮን ካቦ፣ ግማሽ ሜትር የቤንዚን ጎማ ከአራት ፋሼታ (ማሰሪያ) ጋር፣ ናስትሮ፣ ሁለት ሜትር ሽቦ፣ መሞከሪያ አምፖል፣ 13ና 21 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። የቺንጋውን ቁጥር አሮጌው ላይ አንብበህ ግዛ፤ «የቮልስ» ብቻ ብለህ ከገዛህ የ6 ቮልቱን ይሰጡህ ይሆናል።

ቺንጋው ሲበጠስ የዲናሞው መብራት ይበራል። ወዲያው ቁም፤ «እስከ ከተማው» አይባልም። ዲናሞውንም ፋኑንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ስለሆነ ማቀዝቀዣ የለህም። መብራቱ በርቶ ቺንጋው ግን ካለና እየዞረ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጠፋው ቻርጅ ብቻ ነው። በቀን፣ መብራት ሳታበራ፣ ደህና ባትሪ ካለህ ብዙ ሰዓት ትሄዳለህ፤ ሞተሩን ግን መንገድ ላይ አታጥፋው።

አቀያየሩ፦ የዲናሞው ፑሌጃ ጠርዝ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ካቻቢቴውን እዚያ አስገብተህ የዲናሞው ቡሎን ላይ አስደግፍ፣ ፑሌጃው አይዞርም። በ21 ዳዶውን ፍታ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፣ በመሀሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ከመሀል ሮንዴላ ስታወጣ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ስትጨምር ይላላል። ያወጣኸውን አትጣል፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይገባል። ዳዶውን ስታጠብቅ ሞተሩን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙር፤ አለዚያ ቺንጋው በሁለቱ ግማሽ መሀል ይነከስና ይቆረጣል። በአውራ ጣት ስትጫነው 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል፣ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና እየው። ከአዲስ አበባ ቀይረህ ከወጣህ ወሊሶ ቁርስ ላይ ማለት ነው።

የፍሪሲዮን ካቦ ከተበጠሰ በሜዳ መንገድ ሞተሩን አጥፍተህ አንደኛ አስገባና ሞተሪኖውን አዙር፤ መኪናውን ጎትቶ ይነሳል። ወደ ሁለተኛ ስትቀይር ቤንዚኑን ልቀቅ፣ ዜሮ አድርግ፣ ዙሩ እስኪወርድ ጠብቀህ በሁለት ጣት ብቻ ግፋ። ከተንቋቋ አታስገድደው። ለመቆም ዜሮ፣ ከዚያ ፍሬን።

የቤንዚን መስጫው ካቦ ከሆነ ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይረገጥ ያለውን የሞተር ዙር) በቡሎኑ ከፍ አድርገህ በሁለተኛ እስከሚቀጥለው ከተማ መሄድ ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ግን አይሞከርም።

ፑንቲና

በቤንዚን ጎማው ላይ አንድ ልጨምር። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባበት ትንሿ የነሐስ ቧንቧ በጣት ስትወዘወዝ ከተነቃነቀች አትውጣ። መንገድ ላይ ተነቅላ ቤንዚኑ በቀጥታ ዲስትሪቢዩተሩ አካባቢ ይፈስሳል፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ፕላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያም ሞተር ክፍል ውስጥ ካለ ወደ ፊት፣ ወደ ታንኩ አካባቢ ይዛወር።

እሳት ከተነሣ ቁልፍ አጥፋ፣ ሰው አስወርድ፣ ክዳኑን በሰፊው አትክፈት፤ በጠባቡ የዱቄት ማጥፊያውን ንፋበት። ማጥፊያው ከሾፌሩ እግር አጠገብ ይሁን እንጂ ከፊት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አይቀመጥ። የሞተሩ ገላ ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ እሱ ራሱ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል፤ አፈር ወይም አሸዋ ይሻላል። ታንኩ ከፊት ስለሆነ መኪናው ዳገት ላይ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ከቆመ ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚን በተበጠሰ ቱቦ መፍሰሱን አያቆምም፤ ጎማውን በፒንሳ ቆንጥጠህ ያዝ።

የጅማ_መንገደኛ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ትርፍ ጎማው በየሳምንቱ ይተነፍሳል፣ ጎሚስታው ግን ቀዳዳ የለውም ይላል።

ሸራና_ታንቡር

ቀዳዳ የለውም። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው ከትርፍ ጎማው በሚወስደው አየር ነው። ከጎማው ወደ ውሃው ዕቃ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ተከተል፤ ግፊቱ ሲወርድ አየሩን ማቆም የነበረበት ቫልቭ አርጅቷል። ቱቦውን ከጎማው ንቀልና አየር ሙላ፣ መስታወቱን በጠርሙስ ውሃ ታጥበዋለህ። ክሪኩንም ቤት ደጃፍ አንዴ ሞክረው፤ የሚገባበት የቦዲው ቀዳዳ ዝጎ ከሆነ መኪናውን ሳያነሣ ወለሉን ይበሳል።